አባቴ የጠረገው ክፍል

ድሬዳዋ መኖር ከጀመርኩ ዐሥር ዓመት አለፈኝ። ሙቀቱን በእግዚአብሔር ቸርነት ለምጄዋለሁ። ባለፈው ሰኞ ባልዲ ልገዛ አንድ ሱቅ ስገባ ሻጩ ከጓዳው ወጣ፤ በሩን አልዘጋውም ነበርና ከኋላው አንድ ሽታ ተከትሎት መጣ። የበሰበሰ ጎመን የሚመስል፣ ትንሽ ላምባ ላምባ የሚል፣ ጉሮሮ ላይ ገብቶ የሚቀመጥ ሽታ ነው።

«ወንድሜ፣ እዚያ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አልኩት።

«የተባይ መድኃኒት ነው እናቴ። ለገበሬዎች የምንሸጠው።»

ባልዲውን ሳልገዛ ወጣሁ። ደጅ ላይ አማተብኩና ጥላ ፈልጌ ቆምኩ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የነበርኩበት ዓመት፣ ከክረምቱ እስከ ኅዳር መግቢያ ያለው ጊዜ፣ እንዳለ መጥቶ ፊቴ ተደቀነ።

አገራችን ከይጁቤ ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ትምህርት ቤቱ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ሦስት ክፍል ብቻ ያለው ነበር። ያን ክረምት በሐምሌ ተምች ወረደ። ትሉ ማሳውን እየላጨ ሲሄድ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ አለቀሰ። ቀጥሎ ከይጁቤ በበቅሎ ተጭኖ መድኃኒት መጣ፦ በጀሪካን ፈሳሽ፣ በከረጢት ዱቄት። የገበሬው ማኅበር መጋዘን ጣራው ያፈስ ስለነበር የት እንደሚቀመጥ ጠፋ። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቷል፤ ከክፍሎቹም ደረቁ የሦስተኛ ክፍል ነው። እዚያ ይግባ ተባለ።

ቁልፉን የያዘው አባቴ ነበር። አባቴን አገሩ ሁሉ አያ አለኸኝ ይለዋል። ቁልፍ ያዥ የሆነው ማንበብ ስለሚችል አልነበረም፤ ፊደል አልቆጠረም። የሰው አደራ ስለሚፈራ ነው። መድኃኒቱ በገባ ማግስት ዝናብም ሌባም እንዳያገኘው ብሎ የክፍሉን ሁለት መስኮቶች በድንጋይና በጭቃ መርጎ ደፈናቸው። ጳጉሜን ላይ የተረፈው ዕቃ ሲወጣ ደግሞ ማንም ሳያዘው ክፍሉን ጠረገው። ከኋላ ጥግ አንድ ጀሪካን አፍስሶ፣ አይጥ የቀደደው ከረጢትም ዱቄቱን አራግፎ ኖሮ፣ ያን ቦታ በእበት ሦስት ጊዜ ለቀለቀው።

«እንደ ቤተ መቅደስ አድርጌ ነው ያስረከብኳችሁ» ብሎ ለመምህራችን ቁልፉን ሲሰጠው አጠገቡ ነበርኩ። በጣም ኮራሁ።

በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ፣ እናቴ ምጥ ጠናባት። ሴቶቹ ቤት ሞልተው «ማርያም! ማርያም!» ሲሉ፣ እኔን ወደ ውጭ አስወጡኝ። ከጓሮ ካለው ግንድ ሥር ተንበርክኬ፣ እናቴንና በሆዷ ያለውን ብታተርፊልኝ ጽጌን ሳላጓድል እጾማለሁ ብዬ ተሳልኩ። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ የተሰደደችበትን እያሰበ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አምስት የፈለገ ይጾመዋል። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትንሽ ቆይቶ የሕፃን ድምፅ ሰማሁ። ሴት ልጅ ነበረች።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ቀኑ ሲቆጠር ኅዳር መግቢያ ላይ ያርፋል። እኔም በልጅነት ልቤ እንዲህ ብዬ ደመደምኩ፦ እስከዚያ ድረስ እመቤታችን ልጅቷን ገና በውሰት ነው የሰጠችን፤ ስለቴን ካጓደልኩ መልሳ ትወስዳታለች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሕፃኗ ባነጠሰች ቁጥር ጥፋቴን እፈልግ ነበር።

ትምህርት ሲጀመር የክፍላችን ልጆች ሁሉ ደስ አለን። በሌሎቹ ሁለት ክፍሎች ቁንጫው ልጆቹን እግር እግራቸውን ሲበላቸው፣ የኛ ክፍል አንድም ቁንጫ የለበትም። ዝንብ የለም፤ ሸረሪት የለም። «ያባትሽ እጅ ቅባት አለው» ይሉኝ ነበር። ሽታውንም ማንም አልጠላውም። መድኃኒት የተቀመጠበት ቤት ስለሆነ ብርቄ ጉንፋን ሲይዛት ጥጉ ላይ ጎንበስ ብላ በአፍንጫዋ ትስበው ነበር። እኔም አብሬያት ስቤያለሁ።

ብርቄ ከጎኔ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ናት። ጽጌን ልይዝ መሆኑን ስነግራት «እኔም እይዛለሁ፤ ብቻሽን አትጸድቂም!» አለችኝ። የኔና የሷ አግዳሚ ከኋላ ጥጉ ላይ ነበር። መጥረግ ደግሞ የሴት ልጆች ሥራ ስለነበር በየጠዋቱ ተራ እየገባን በደረቁ እንጠርጋለን።

ስልሳ የምንሆን ልጆች እግርና መጥረጊያው ተጋግዘው የእበቱን ልቅላቂ በመስከረም መጨረሻ አፈራረሱት። አቧራው ይነሣ ጀመር። መስኮት ስለሌለ ከበሩ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ሲንሳፈፍ እናየዋለን፤ ብርቄ በእጇ ልትይዘው ትሞክራለች።

መጀመሪያ ዓይኔ ማልቀስ ጀመረ። ቀጥሎ ራሴን አመመኝ፤ አፌ ምራቅ ይሞላል፤ በሰሌዳው ላይ ያለው ፊደል ይዋኝብኛል። ጾመኛ ይፈተናል ሲባል ሰምቻለሁና ፈተና ነው ብዬ ቻልኩት። አንድ ማክሰኞ ጠርገን እንደጨረስን መምህር ጌታነህ ወደ ሰሌዳ ጠራኝ። ከደብረ ማርቆስ የመጣ፣ ጠመኔ ሲይዝ እጅጌውን የሚሰበስብ ወጣት ነው። ስነሣ ወለሉ ከሥሬ ሄደ። ስነቃ ደጅ ሣሩ ላይ ነኝ፤ ልጆቹ ከበውኛል።

«ዓይነ ጥላ ነው! ትምህርት የሚጠላ ዓይነ ጥላ ይዟታል!» አለ አንዱ።

«ዞር በሉ፣ አየር ታግኝ» አለ መምህር ጌታነህ።

ብርቄን ፈለግኋት። ከሁሉም ኋላ ቆማ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ጣቷን ትነክሳለች።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። እናቴ ሕፃኗን እያጠባች «ጾሙን ትተዪዋለሽ። በቃ! እንኳን አንቺ እኔም አልያዝኩትም» አለችኝ።

«ሰው የጀመረውን ጾም እንዴት ተይ ትያታለሽ?» አለ አባቴ። «ትምህርቱ ነው። ክፍል ገብታ አይደል የወደቀች? ትምህርቱ ይቅር፤ ጥጃ ትጠብቅ።»

«ኧረ አንተ ሰው! ልጅ በባዶ ሆዷ ስትውል ምን ሁኚ ትላታለህ?»

«በባዶ ሆዷ ቤተ ክርስቲያን ስትቆም ወድቃ ታውቃለች?»

እኔ ሁለቱንም መተው አልቻልኩም። ጾሙን ብተው ሕፃኗ ትሄዳለች። ትምህርቱን ብተው ደግሞ፣ መምህር ጌታነህ አንድ ቀን «አንቺ ስመኝ፣ መምህርት ትሆኛለሽ» ብሎኝ ነበርና፣ እሱን ነገር በሌሊትም በቀንም እያኘክሁት ነበር። በነጋታው ደህና ነኝ ብዬ ሄድኩ። ማዞሩን እንዳያዩብኝ አግዳሚውን በሁለት እጄ ይዤ ዋልኩ። በቀጣዩ ሳምንት እንደገና ወደቅሁ። አባቴ ይህን ጊዜ ወደ ንስሐ አባታችን ወሰደኝ፤ እናቴም ሕፃኗን አዝላ ተከተለችን።

አባ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ጥድ ሥር ይቀመጣሉ። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ስለነበሩ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት በጣታቸው አንጓ ቆጥረው የሚያወጡ ሰው ናቸው። እናቴና አባቴ እየተሻሙ ነገሩን ሲነግሯቸው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘረጉ።

«ነይ ልጄ፣ አጠገቤ ተቀመጪ። መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?»

«ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አባ።»

«ቅዳሜና እሑድስ?»

«ደህና ነኝ።»

«ይኸው!» አለች እናቴ። «ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ስለምትበላ ነው።»

«ይኸው!» አለ አባቴ። «ቅዳሜና እሑድ ትምህርት ስለሌለ ነው።»

አባ ሁለት አንጓ አጠፉ። «ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። እንግዲያው ሁለቱ ቀኖች ለኛ አይረቡም፤ እንተዋቸው። መምህራችሁ ለስብሰባ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ሳትማሩ የዋላችሁት መቼ ነው?»

«ባለፈው ሐሙስና ዓርብ።»

«ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ከአባዬ ጋር ገብስ አጨዳ። ነዶ ስሸከም።»

«ጾመሽ?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ አባ።»

«አመመሽ?»

አሰብኩ። ፀሐዩ፣ ነዶው፣ አንገቴ ላይ የሚቆጠቁጠው የገብስ ጢም ትዝ አለኝ። ራሴን ግን አላመመኝም። እስከዚያች ሰዓት ልብ ያላልኩት ነገር ነበር።

«አላመመኝም!» አልኩ።

«እሰይ። ጾሙ ነፃ ወጣ» ብለው ሌላ አንጓ አጠፉ። አባቴ አፉን ሊከፍት ሲል ደግሞ «ቆይ አለኸኝ፣ አትቸኩል። እሑድ እሑድ እዚህ ጸሎት ታነብልኛለች፤ አንድም ቀን አልወደቀችም። ዓይነ ጥላ ቢሆን ፊደል ባለበት ሁሉ ይከተላት ነበር። አብራት የምትቀመጠው ማን ናት?» አሉ።

ያን ጊዜ ከቅጥሩ ኋላ ልቅሶ ተሰማ። ብርቄ ተከትላን መጥታ ተደብቃ ስታዳምጥ ኖሯል። ወጥታ እግራቸው ላይ ተደፋች።

«አባ ይፍቱኝ! እኔ አልጾምም! ዋሽቻት ነው! ኪሴ ውስጥ የሽምብራ ቆሎ አለ፤ ሁልጊዜ ጠዋት እበላለሁ!»

«እሺ ልጄ፤ አታልቅሺ።»

«እኔንም ራሴን ያመኛል፤ ያስመልሰኛል። ዋሽቼ ስለበላሁ እመቤታችን እየመታችኝ ነው ብዬ ነው ያልተናገርኩት!»

አባ ሳቁ፤ ጥምጥማቸውን በእጃቸው እስኪይዙ ሳቁ። «እመቤታችን በቆሎ ልጅ አትመታም። ተነሺ። ይልቅ ትልቅ ነገር ነው የነገርሽኝ፦ የጾመችውም የበላችውም እኩል ታመሙ።» ወደ አባቴ ዞሩ፤ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «አለኸኝ፣ ከጾሙም አይደለም፣ ከፊደሉም አይደለም። ከቤቱ ነው።»

«ቤቱን እኔ ነኝ የጠረግሁት» አለ አባቴ።

«እሱን አውቃለሁ። ነገ እንየው።»

በነጋታው ከትምህርት በፊት አባ፣ አባቴና መምህር ጌታነህ ገቡ። እኔና ብርቄ በር ላይ ቆምን። አባ ዓይናቸውን አሸት አሸት አድርገው «ለመሆኑ እዚህ ቤት ቁንጫ አለ?» አሉ።

«የለም! አንድ እንኳ የለም» አለ አባቴ፤ በድምፁ ትንሽ ኩራት ነበር።

«ቁንጫ መኖር ያቃተው ቤት ውስጥ ነው ልጆች ያስቀመጥነው?»

አባ በመቋሚያቸው ጫፍ የኔና የብርቄን ጥግ ወጋ አደረጉት። የተረፈው እበት እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰበረ። ከሥሩ ያለው አፈር ነጣ ያለ፣ ቅባት የጠጣ ነበር፤ ሽታው ሦስቱንም ወደ ኋላ መለሳቸው።

«እኔንም ራሴን ያመኝ ነበር» አለ መምህር ጌታነህ ቀስ ብሎ። «የጠመኔው ብናኝ መስሎኝ ነው።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ አፈሩን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ፤ ሳይነካው ቀና አለ። ወደ ደፈናቸው መስኮቶች አየ። እኔን አላየኝም። በአጠገቤ አልፎ ወጥቶ ሄደ።

በዚያው ቀን ክፍሉ ተዘጋ፤ እኛም በቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር መማር ጀመርን። ከይጁቤ አንዲት የጤና ሠራተኛ መጥታ፣ ወለሉ ክንድ ያህል ተቆፍሮ መውጣት እንዳለበት፣ አፈሩ ከምንጩ ርቆ ጉድጓድ ውስጥ መቀበር እንዳለበት፣ ቆፋሪዎቹ አፍንጫቸውን በጨርቅ ሸፍነው እንዲሠሩ፣ ሲጨርሱም ገላቸውንና ልብሳቸውን እንዲታጠቡ ነገረች። ችግሩ ሰው ነበር። አጨዳ ስለሆነ ሁሉም ማሳው ላይ ነው። ሰው የሚገኘው በበዓል ብቻ፤ በበዓል ደግሞ አይቆፈርም።

ጥቅምት ሃያ አንድ፣ የማርያም ለት፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ አባ ደጁ ላይ አቆሙት። «ዛሬ ማንም ማሳው እንዳይሄድ» አሉ። «መቆፈሪያ ያለው ግን መቆፈሪያውን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ይምጣ። ልጇን አቅፋ ለተሰደደች እናት፣ ለልጆች ብለን አፈር ብንሸከም አትቀየመንም። ኃጢአት ከሆነ በኔ ላይ ይሁን።»

አንዲት አሮጊት «በማርያም ቀን! ዘንድሮ የማንሰማው የለም!» ብለው ሻሻቸውን አጠበቁ። ቢሆንም ልጃቸውን ላኩት።

አባቴ ከሁሉም ቀድሞ ነበር የመጣው። ክፉውን ጥግ ለማንም አልሰጠም፤ ብቻውን ቆፈረው። የመስኮቶቹንም ምርጊት ራሱ አፈረሰው። ድንጋዩ ሲወድቅ ብርሃኑ ክፍሉን ሲሞላው አየሁ፤ ከጀርባው ላብ እንፋሎት ይወጣ ነበር። ከኮረብታው አዲስ አፈር መጣ፤ ተደለደለ፤ ሴቶቹ ለቀለቁት። ማኅበሩም ከዚያ ወዲያ መድኃኒት በትምህርት ቤቱ ላያስቀምጥ ተስማማ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ቁርስ ስታቀርብለት አባቴ ገፋ አደረገው።

«ምነው?»

«ጽጌን ይዣለሁ።»

«አሁን? ከመካከሉ?»

«አዎ፣ ከመካከሉ» አለና ወጣ። ለምን እንደያዘው አልነገራትም። እኔም የመሰለኝ ንስሐ ነው።

ወለሉ ደርቆ፣ ነፋስ ሲገባበት ሰንብቶ፣ ኅዳር በገባ በሁለተኛው ቀን መምህር ጌታነህ «ነገ ልጆቹን እናስገባ» አለ።

«ነገ የምገባው እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

«ምን ሊሠሩ?»

«ልቀመጥበት። ልጆቹ በተቀመጡበት ልክ። እነሱ በባዶ ሆዳቸው ከተቀመጡ እኔም በባዶ ሆዴ። ጠግቤ ተቀምጬ ደህና ነው ብል ምኑን አወቅሁት?»

በነጋታው ሁላችንም ደጅ ተሰበሰብን። አባቴ ጋቢውን አውልቆ በሩ ላይ ሰቀለና «መጥረጊያው የታለ?» አለ። ባገራችን ወንድ ልጅ መጥረጊያ አይነካም። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ብርቄ አምጥታ ሰጠችው። ቆሞ፣ እህል የሚያበራይ ይመስል ግራና ቀኝ ሲመታው ብርቄ አላስቻላትም።

«አያ አለኸኝ፣ እንዲያ አይደለም! ጎንበስ ይበሉ! ወደ ራስዎ ይሳቡት!»

«እንዲህ?»

«አዎ፣ አሁን ሆነ! ጥጉን አይርሱ!»

«ሴት ሆኑ!» ብሎ አንድ ልጅ ሳቀ።

«ሳቅ አንተ» አለ አባቴ ቀና ሳይል። «ከነገ ወዲያ ተራው ያንተ ነው።»

ጥጉን ሁለት ጊዜ ጠረገው። ከዚያ መስኮቶቹን እንደ ቀድሞው፣ በሩንም ጭምር ዘግቶ በኔና በብርቄ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እኛ ጥድ ሥር ሆነን እየተማርን ልቤ እዚያ ነው። በዕረፍት ሰዓት ሮጬ በመስኮቱ ሳንቃ ቀዳዳ አየሁት። ጉልበቱ አገጩ ድረስ መጥቶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የማያነበውን ሰሌዳ ትኩር ብሎ ያያል። ራሱን ቢያመው ምን እሆናለሁ ብዬ ዕረፍቱ እስኪያልቅ ከቀዳዳው አልራቅሁም። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ሰባት ሆነ። መምህር ጌታነህ «ይበቃል ይውጡ» ቢለው «ገና ነው» አለ። ስምንት ሰዓት ሲያልፍ በሩ ተከፈተ።

«ራስዎን አመመዎት?»

«ራሴስ ደህና ነው። ዓይኔም ደህና ነው። ወገቤን ነው የገደላችሁኝ፤ እነዚህ ልጆች በዚህ ላይ ነው ቀኑን ሙሉ የሚውሉት?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ዓይኑ እኔን ፈልጎ አገኘኝ፤ ክፍሉ ከተቆፈረ ወዲህ ቀና ብሎ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ስመኝ፣ ያኔም ጠርጌልሽ ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ አባዬ።»

ሰው ፊት እጄን ይዞኝ አያውቅም። ያን ቀን ያዘኝ። ወደ ውስጥ አስገብቶ ከቦታዬ አስቀመጠኝ፤ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ከፈታቸው። ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ፤ ብርቄም ከጎኔ ተቀመጠች።

«በል አስተምራቸው» አለው መምህሩን። «እኔ ትንሽ ልቁም።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ከብቶቹ ያለጠባቂ ናቸው፤ እናቴ ሕፃኗን ታቅፋ ቤት ትጠብቀናለች። ትምህርቱ እስኪያልቅ ከዚያ ቦታ አልተነቃነቀም። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ ሁለታችንም ገና ምንም አልቀመስንም።